ስሟ የማይነሳ ከተማ

ውኃ አለ፣ ዳርቻው የማይታይ። በውኃው አፍ ላይ የብረት ድልድይ አለ። መርከብ ስትመጣ ድልድዩ መንገዱን እንደተሸከመ ወደ ላይ ከፍ ይላል... መኪኖች ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሰዎችም ቆመው ይጠብቃሉ።

ዱሉዝ ትባላለች ከተማዋ። በአሜሪካ ሰሜን ናት፣ በብርዱ አገር፣ በትልቁ ሐይቅ ጫፍ። ከእኛ ሰው ለሽርሽር የሚያስባት፣ ለእረፍት የሚመርጣት የለም።

ስሟን የሚያነሳ የለም።

አስናቀ ግን ያውቃታል። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከቺካጎ ጭኖ፣ እዚያ አራግፎ፣ ሞተሩ ሳይበርድ ይመለሳል። ስንት ጊዜ ተመላልሶባታል፣ አንድም ቀን ግን ውኃዋ ዳር አልቆመም።

“ማንም የማያውቀን ቦታ ውሰደኝ” አለችው ሚስቱ ትርሲት። “ሦስት ቀን ብቻ። እንደዚሁ ሆነን ከተመለስን ግን፣ አስኔ፣ እኔ ወደዚህ ቤት አልገባም። እኅቴ ጋ እሄዳለሁ።”

አልጮኸችም። ሳህን እያጠበች ነው ያለችው።

ወሬው ተሰማ፤ በእኛ ሰው መሃል ምን ይደበቃል? ላስ ቬጋስ ሂዱ አሏቸው፣ የአክስት ልጅ አለ። ሲያትል ሂዱ አሏቸው፣ የክርስትና አባት አለ። ሐበሻ ዘመድ ወዳለበት ይሄዳል እንጂ ወደ ከተማ መች ይሄዳል? ዘመድ ባለበት ደግሞ “እግዜር ያጽናችሁ” አለ። “በቃሽ፣ ትርሲት፣ በቃሽ” አለ።

“ዱሉዝ?” አሉ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዳምጤ። “ማን አላችሁ እዚያ?”

“ማንም የለንም፣ ጋሼ” አለ አስናቀ።

“ታዲያ ምን ልትሆኑ ትሄዳላችሁ፣ ልጄ?”



ኤልዳና ነበረች ልጃቸው፣ የሰባት ዓመት ልጅ። በረዶው ሳይቀልጥ ታመመች... በረዶው ሳይቀልጥ ሞተች።

ደጎች ነበሩ ሰዎቹ፣ እውነት ለመናገር። ምግብ ይዘው መጡ፣ ፍራሽ ዘርግተው አደሩ፣ ፎቶዋን ከግድግዳው አወረዱ። “ስሟን እያነሳችሁ አትጎዱ” አሉ። አስናቀም ቃላቸውን እንደ ሕግ ያዘው። ትርሲት ስለ ልጇ ልታወራ ስትል ጨዋታ ይለውጣል፤ የሚለውጠው ሲያጣ መንገድ ይወጣል። ፈሪ ነበር፣ በዚህ ነገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሱ ግን የራሱን ብቻ ሳይሆን የእሷንም ደበቀባት።

በዚያም ቤት... ስሟን የሚያነሳ የለም።

ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር፤ ዝም አሉ። በሁለተኛው ቀን ጭጋግ ነበር፤ ዓሣ በሉ፣ ዝም አሉ። ማንም አላወቃቸውም፣ ማንም አላጽናናቸውም። ዝምታው ግን አብሯቸው መጥቶ ኖሮ መሃላቸው ተኛ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣቸውን መኪና ላይ ጫኑ። ትርሲት ከስልኳ የእኅቷን ቁጥር ስትፈልግ አያት።

“ውኃውን እንኳ ሳናይ?” አላት።

መጡ ወደ ውኃው ዳር። መርከብ እየገባች ነበር፣ እንደ መንደር የረዘመች። ጮኸች መርከቧ። ድልድዩም ጮኾ መለሰላት።

አጠገባቸው አንዲት አሮጊት ቆመዋል፣ የከተማዋ ሰው፣ ውሻቸውን የያዙ። ፈገግ አሉ።

“ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ? ልጆች የሏችሁም?”

አትጠይቁ ያላቸው የለማ። ትርሲት ደርቃ ቀረች። አሁን አስናቀ ጨዋታ ይለውጣል ብላ ጠበቀች... ስለ መርከቧ ይጠይቃል፣ ስለ ብርዱ ያወራል ብላ ጠበቀች።

አስናቀ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ደግሞ ከፈተው።

“ልጅ ነበረችን” አላቸው። “ሞተችብን። ኤልዳና ነው ስሟ።”

አሮጊቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። “ኤል... ዳና” አሉ፣ እየከበዳቸው፣ ቀስ ብለው። “ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?”

ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ሁሉ ለቅሶ ደራሽ አንድም ሰው።

ዞረ አስናቀ ወደ ሚስቱ። በአማርኛ ነው የተናገረው፣ ለእሷ ብቻ።

“ጥርሷ የወለቀ ቀን... ‘እኛ አገር ጣሪያ ላይ ይጣላል’ ብያት በረንዳ ላይ ወጥተን የለ? እኔ እወረውራለሁ፣ ጥርሱ ተመልሶ ይወድቃል። እወረውራለሁ፣ ይወድቃል። ‘አባዬ፣ ጣሪያው አልፈለገውም’ አለችኝ። አልነገርኩሽም። ጥርሱ እኔ ጋ ነው፣ ትርሲ። መኪናዬ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።”

ሳቀች ትርሲት። ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፤ ጮክ ያለ ለቅሶ፣ መንገደኛ የሚያየው፣ ውሻ የሚያስደነግጥ። ኤልዳና እያለች አለቀሰች። ኤልዳናዬ እያለች አለቀሰች።

በቃሽ የሚላት አልነበረም። አስናቀም አላላትም፤ አብሯት አለቀሰ።

መርከቧ አለፈች። ወረደ ድልድዩ፣ ቀስ እያለ፣ መንገዱን ወደ ቦታው እየመለሰ። ቆመው የነበሩት ሁሉ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ ውኃው ዳር፣ ተያይዘው።

“ቤታችን ስንገባም ትነግረኛለህ” አለችው።