ቁጥሩን የከለለችው ሴት

ኢኒድ ሆልሮይድ መጽሐፉን የገዛችው ለራሷ አልነበረም። የጎረቤቷ የቤሪል ልደት ደርሷል፤ ቤሪል ደግሞ የድሮ ስካርሾን ፎቶ ካገኘች እህል ውሃ አያስፈልጋትም። የስካርሾ መጻሕፍት መደብር መስኮት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጠፍቶበት አያውቅም። የስካርሾ ድልድዮች በሥዕል፣ የስካርሾ ጭስ ማውጫዎች በሥዕል፣ የስካርሾ ባቡር ጣቢያ ከመፍረሱ በፊትና ከፈረሰ በኋላ። ከተማው ፋብሪካዎቹን አንድ በአንድ ዘግቶ ከጨረሰ ወዲህ የቀረው ሥራ የዘጋቸውን ፎቶ ማሳተም ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ይህኛው መጽሐፍ ድሮ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ የኤሌክትሪክ ኃይል እያገኙ ይሄዱ ስለነበሩት አውቶብሶች ነው። ደራሲው ኔቪል ክሌግ ይባላል፤ የአካባቢው ታሪክ ማኅበር ሊቀመንበር ነው።

በስጦታ ወረቀት ከመጠቅለሏ በፊት ወጥ ቤቷ ቁጭ ብላ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ እጇ ቀጥ አለ። ባለ ፎቅ አውቶብስ ገበያው አደባባይ ቆሟል። ከፊቱ የትኬት ማሽኗን ደረቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቆቧን ወደ ጎን ያዘነበለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የምትስቅ ልጅ አለች። ኤቪስ ናት። እህቷ።

ኢኒድ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ኤቪስ አሁንም ትስቃለች።

የእህቷን ፊት ካየች ሰባት ዓመት አልፏታል። የቤቱ ፎቶ ሁሉ ከደረጃው ሥር በቆርቆሮ ሳጥን ይቀመጥ ነበር፤ የዛሬ ሰባት ዓመት በገና ማግስት ወንዙ ገንፍሎ ቤት ውስጥ ሲገባ ሳጥኑን በጭቃ ሞልቶ መለሰላት። ያን ቀን ያለቀሰችውን ያህል በባሏም ቀብር አላለቀሰችም። ኤቪስ በሃያ አምስት ዓመቷ፣ በረዶው ሦስት ወር ሙሉ ከመንገድ ሳይነሣ በቀረበት ዓመት፣ ሳንባዋን ታማ ነው የሞተችው። ባል የላት፣ ልጅ የላት። መቃብሯ ላይ የቆመው የእንጨት መስቀል ከበሰበሰ ቆይቷል። ኤቪስ ሱግደን የምትባል ሰው በዚህ ከተማ እንደነበረች የምታውቅ ነፍስ ኢኒድ ብቻ ናት፤ ኢኒድም ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው።

ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበች።

«ይህ ከጦርነቱ ማግስት ከገቡት አሥራ ሁለት አውቶብሶች አንዱ ነው። የላይኛው ፎቅ መስኮቶች በኋላ የተቀየሩ ናቸው። የሚያሳዝነው ግን አንዲት ትኬት ቆራጭ ቁጥሩን ከልላ ስለቆመች 114 ይሁን 117 ለመለየት አልተቻለም።»

ሦስት ጊዜ ደገመችው። የሚያሳዝነው! ሰውዬው ያዘነው ለቁጥሩ ነው።

ቤሪል ያን ዓመት በልደቷ የተሰጣት ቸኮሌት ነበር። መጽሐፉን ግን ከኢኒድ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ አየችው።

«ውይ፣ ስታምር! ዓይኗ ቁርጥ ያንቺ» አለች። «አንቺ ግን እንዲህ ስቀሽ አታውቂም።»

«ስሟን እንኳ አልጻፈም እኮ፣ ቤሪል።»

«ክሌግ? ምን በወጣው! ሚስቱ ጥላው የጠፋች ጊዜ እንኳ መጀመሪያ የጠየቀው በስንት ቁጥር አውቶብስ እንደሄደች ነው አሉ። ሂጂና ፊት ለፊት ንገሪው። ሁለተኛ እትም እያዘጋጀ ነው ይባላል።»

ኢኒድ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ስም ብቻ ነው የፈለገችው። ሁለት ቃል፤ ኤቪስ ሱግደን። እሷ ስትሞት አንድ ሰው መጽሐፉን ገልጦ «ይህቺ ኤቪስ ሱግደን ናት» እንዲል። ከዚህ ሌላ ከስካርሾ የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም።

ማኅበሩ ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባል። ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች። ከፊቷ ሠላሳ የሚሆኑ ሽማግሌዎች፣ አብዛኞቹ ሹራባቸው ላይ የአውቶብስ ምልክት ያሰፉ፣ የሻይ ኩባያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አፍጥጠዋል። ክሌግ ያንኑ የገጽ ስልሳ አንድ ፎቶ ግድግዳው ላይ አጉልቶ አሳየ። ኤቪስ የሰው ቁመት አከለች። ኢኒድ ዓይኗን ከእሷ አልነቀለችም፤ ሰዎቹ ግን የሚያዩት ሌላ ነው።

«114 ነው! የመስኮቱን ጠርዝ እዩት» አለ አንዱ።

«ባክህ ተወን፣ ጎርደን! ጠርዙ በሁሉም ላይ ያው ነው» አለ ሌላው። «መብራቱን እይ፣ መብራቱን።»

«አንተ መብራት ስታይ ኖረህ መች አንድ ነገር በራልህ?»

ሳቁ ሳያባራ ሦስተኛው ተነፈሰ፤ «ኤዲያ! ይህቺ ሴትዮ ትንሽ ዞር ብትል ምን ነበረበት?»

ኢኒድ ተነሣች።

«ሴትዮዋ እህቴ ናት» አለች።

ክሌግ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ፊቱ እንደ ልጅ ቀይ የሆነ ሰው ነው፤ ክፋት የሚባል ነገር የለበትም፤ ክፋት ቢኖርበትማ ኢኒድ መላውን ታውቅለት ነበር። በደስታ ሁለት እጁን አጨበጨበ።

«እህትዎ! የሚገርም ነው! ታዲያ ወይዘሮ... ?»

«ሆልሮይድ።»

«ወይዘሮ ሆልሮይድ፣ እህትዎ በየትኛው ላይ ነበር የምትሠራው? በ114 ነው በ117?»

ኢኒድ ታውቃለች። ኤቪስ ፎቶው የተነሣበት እሑድ ማታ እየሳቀች ቤት የገባችው ትከሻዋ ረጥቦ ነበር። «ዛሬም 117 አጠበኝ፤ ያ ጣሪያው እንደ ወንፊት ያፈሳል» አለች። ቀጥላም ካሜራ ይዘው የመጡትን ወንዶች ነገረቻት። እነዚያ እሑድ እሑድ አውቶብስ ሊያነሡ የሚመጡት፣ «እቱ፣ ዞር በይልን፣ ቁጥሩን ከለልሽን» ብለው ጮኹባት። «እኔን ሳታነሡ ቁጥሩን አታነሡም አልኳቸው!» አለች ኤቪስ። «ለመኑኝ፣ ተቆጡኝ፣ ሾፌሩ ሲሪል ደግሞ መሪው ላይ ሆኖ ደወሉን ያንጫርራል። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አንዱ ተስፋ ቆርጦ ከነእኔ አነሣው።» ሁለቱም እናታቸው እስክትቆጣቸው ድረስ ሳቁ።

አሁን ግን ኢኒድ ወዲያው አልመለሰችም። ዕድሜ ያስተማራት ነገር ቢኖር ያለውን ነገር ዝም ብሎ የሚሰጥ ሰው ባዶ እጁን እንደሚቀር ነው።

«ብነግርህ ስሟን ትጽፋለህ?»

«እንዴታ! በደንብ ነዋ!»

«ኤቪስ ሱግደን። አሁኑኑ ጻፈው፣ እኔ እያየሁህ።»

ክሌግ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ፊደሉን አንድ በአንድ አስነበበችው። ከዚያ ነገረችው።

«117 ነው።»

አዳራሹ ጎል የገባ ይመስል ፈነዳ። ጎርደን የተባለው ብቻ ኩባያው ውስጥ አንገቱን ደፋ። ለኢኒድ ወንበር አቀረቡላት፣ ሻይ ቀዱላት፣ ብስኩቱን በሳህን ሙሉ አመጡላት። ጣሪያው ያፈስ እንደነበር ስትነግራቸውማ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ደብተር አወጣ። ኤቪስ ምን ትወድ እንደነበር፣ በምን እንደሞተች የጠየቃት ግን የለም። ኢኒድ ይህን ልብ ብላዋለች፤ ግን ስሙ ተጽፏል፤ ስሙ ከተጻፈ ሌላው ይቅር ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ጠበቀች። ለሥጋ ሻጩ ነገረች፣ ለፀጉር ሠሪዋ ነገረች፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ደም ግፊቷን ስትለካ ነገረቻት። «እህቴ መጽሐፍ ላይ ልትወጣ ነው» ትላለች። ነርሷም «ዛሬ ግፊትዎ ጥሩ ነው» አለቻት። ሁለት ጊዜ ለክሌግ ስልክ ደወለች።

«ስሟ አለ አይደል?»

«ሁሉም ተስተካክሏል፣ ወይዘሮ ሆልሮይድ። ሲያዩት በጣም ነው የሚደሰቱት።»

መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተመረቀ ዕለት ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ቤሪል ክንዷን ይዛ አስገባቻት፤ ከፊት ሁለት ወንበር ተይዞላቸዋል። ክሌግ ንግግሩን ሳይጀምር መጥቶ አንድ መጽሐፍ በስሟ ፈርሞ ሰጣት። ኢኒድ ቆማ ገጽ ስልሳ አንድን ገለጠች።

117 ነው። ገበያው አደባባይ ቆሟል፤ ከጎማው እስከ ጣሪያው፣ ከጣሪያው እስከ ሽቦው ጥርት ብሎ ይታያል። ቁጥሩን ልጅ እንኳ ከሩቅ ያነበዋል። ከፊቱ ማንም የለም።

«ፎቶው ሌላ ነው» አለች።

«ሌላ ነው! አየሽ፣ አላልኩሽም» አለ ክሌግ፣ ከደስታው ብዛት እርስዎ ማለቱ ጠፍቶት። «አሮጌው ላይ ቁጥሩ የማይታይ ስለሆነ ምንም ማድረግ አልተቻለም ነበር። 117 መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን ሊድስ ከተማ ላለ አንድ የድሮ ፎቶ ሰብሳቢ ጻፍኩለት፤ እሱ ፎቶዎቹን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ በሳምንቱ ይህን ላከልኝ። እንዴት ያለ ጥራት ነው!»

«እህቴስ?»

«ማን?»

«ኤቪስ። ስሟን ጽፈህ ነበር። እያየሁህ።»

ክሌግ ግንባሩን አከከ። ማፈር ሳይሆን ማሰብ ነበር።

«ጽፌያለሁ፣ እውነት ነው። ግን ወይዘሮ ሆልሮይድ፣ ሴትየዋ ፎቶው ላይ ከሌለች ስሟ ምን ሥር ይጻፋል? ይልቅ የእርስዎ ስም አለ። ይኸው ይዩት።»

ነበር። «ለወይዘሮ ኢኒድ ሆልሮይድ ምስጋና ይግባቸውና የአውቶብሱ ማንነት ታውቋል» ይላል። የአውቶብሱ ማንነት።

«አንተ ደንቆሮ!» አለች ቤሪል። ክሌግ ግን ጆሮው እዚያ አልነበረም።

«የድሮው እትም ከዛሬ ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ይነሣል» አለ። «ስህተት ያለበት መጽሐፍ ሰው እጅ ሲገባ አልወድም። ይህ ሁሉ በእርስዎ ነው። እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ እኮ ያንኑ አሮጌ ፎቶ ይዤ እቀር ነበር።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ስሟን ጮክ ብሎ ጠራ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበላት። ኢኒድ መጽሐፉን እንደገለጠች ቆማ ባዶውን አስፋልት ታያለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሏን ማን ይመልስላታል? ያን እሑድ ካሜራ የያዙት ወንዶች ለምነውም ተቆጥተውም ስንዝር ያላነቃነቋትን ልጅ ከዚያ አውቶብስ ፊት ያስነሣቻት የገዛ እህቷ ናት።