ተረክቤአለሁ

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የመጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለ። ሐኪሙ "ከመተኛትህ በፊት ትንሽ ተራመድ" ቢለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ሆነ።

አንድ ማታ አንጀቴ እርር ብሎ ባትሪውን ከእጁ ነጠቅሁት።

"በቃ፣ ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ! ሂድና ተኛ!"

ይስቃል ስል ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘበኞች ተራ ሲቀያየሩ እንደሚያደርጉት፣ "በሩ ተቆልፏል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ተረክበሻል?" አለኝ።

"ተረክቤአለሁ" አልኩት፣ እንዲገላግለኝ ብዬ።

ጎኑ ፍራሹን ከመንካቱ ማንኮራፋት ጀመረ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እሱ ለጥ ይላል። እኔ ነፋስ በሩን በነካው ቁጥር ባትሪዬን ይዤ ብድግ ነው። ላስረክበው ብዬ እጄን ወደ ትከሻው እዘረጋለሁ፤ ፊቱን ሳይ ግን አንጀቴ አይችልም።