ማክሰኞና ሐሙስ ዮጋ አለባት

አባባ ዱጉማን ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸውን ይዞ አንደበታቸውን ያሰራቸው ጊዜ፣ ሦስት ልጆቻቸው መካኒሳ ባለው ቤታቸው ተሰበሰቡ። ማን ያስታምማቸው የሚለው ጉዳይ በሰፊው ተመከረበት። ሦስቱም አባታቸውን ምን ያህል እንደሚወዱ በየተራ ተናገሩ። ሴቷ ልጅ ሶፊ አለቀሰች። ታናሹ ዳዲ፣ ለቡ ያለው የሲሚንቶና የብረት ሱቁ ባይዘው ኖሮ ምን ምን ያደርግ እንደነበር ዘረዘረ። በመጨረሻም ልጃቸው ያልሆነችው ጸሐይወርቅ በሙሉ ድምፅ ተመረጠች። ጸሐይወርቅ የታላቁ ልጅ የሞልቱ ሚስት ናት፤ ሁለቱም የሚኖሩት እዚያው ቤት ነው። ስብሰባው ላይ ግን አልነበረችም፤ ጓዳ ውስጥ ለተሰብሳቢዎቹ ምሳ እያዘጋጀች ነበር።

«ጸሐይ እኮ ትችልበታለች» አለ ዳዲ። በምን እንዳወቀ የጠየቀው የለም።

እሷም የልብስ ስፌት ቤቷን ዘግታ ገባችበት። ሽማግሌው ለቡ ገና የጤፍ ማሳ በነበረበት ዘመን በሬ ጠምደው ያረሱ፣ አጥንታቸው የወፈረ ሰው ናቸው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ በማንኪያ ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ዳይፐር መቀየር። ዳዲና ሶፊ በበዓል በበዓል እየመጡ «እግዜር ይስጥሽ» ይሏታል። ይህን ካሉ በኋላ ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ለእግዜር ትተው ይሄዳሉ።

በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ሽማግሌውን ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ወገቧ ያዛትና ቀጥ ማለት አቃታት። ጎረቤት መጥቶ እስኪያቃናት ድረስ እሳቸው በደህና እጃቸው ትከሻዋን ይዘው ቆዩ። ወሬው ሲሰማ ቤተሰቡ ክፉኛ ደነገጠ።

«እሷ ከወደቀች አባባን ማን ሊያነሳቸው ነው?» ተባባሉ።

መፍትሔውን ያገኘችው ሶፊ ናት። ደወለች።

«ጸሐይዬ፣ አስበንልሻል! አንድ ድርጅት በነፃ ሥልጠና ይሰጣል። ዮጋ፣ ቤተሰብ ለሚያስታምሙ ሰዎች። ስምንት ሳምንት ነው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት። ጭንቀት ይቀንሳል፣ ለወገብም ፍቱን ነው። አስመዝግቤሻለሁ።»

«እኔ ስሄድ አባባ ጋ ማን ይሆናል?»

ይህንን ያሰበበት አልነበረም። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ዕጣው ሱቁ ውስጥ ሠራተኛ ያለው ዳዲ ላይ ወደቀ።

«ሁለት ሰዓት ነው፤ ምን አላት!» አለ ዳዲ።

ሥልጠናው የእድር አዳራሽ ውስጥ ነበር። በአንድ በኩል የለቅሶ ድንኳን ተጠቅልሎ ተቆልሏል፣ በሌላው በኩል ትልልቅ ብረት ድስቶች ተደርድረዋል። መሀል ላይ አሥራ አራት ሴቶችና ሚስቱን የሚያስታምም ከበበው የሚባል ጡረተኛ በቀጫጭን ምንጣፎች ላይ ተቀምጠዋል። አሠልጣኟ ያኤል ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሰፈሩ አማኞች ስለ ዮጋ ያወሩት ደርሷት ስለነበር፣ ይህ አምልኮ እንዳልሆነ፣ ማንም ለማንም እንደማይሰግድ፣ እሷ ራሷ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን አባል እንደሆነች በማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀች።

«አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች በመጨረሻ። «ትከሻችሁ ላይ ያለውን ሸክም ቀስ አድርጋችሁ መሬት አስቀምጡት።»

«የኔው ሰባ ስምንት ኪሎ ነው» አለች ጸሐይወርቅ። «ካስቀመጥኩት ማን ያነሳልኛል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያኤል ስሜትን መግለጽ ለጤና ጥሩ መሆኑን ተናግራ በጀርባቸው እንዲተኙ አዘዘች። ጸሐይወርቅ ትእዛዙን ከሁሉም በላይ አከበረች፤ ከበበው ትከሻዋን ነቅንቆ ሲቀሰቅሳት ሰው ሁሉ ጫማውን አድርጎ ነበር።

«አፈርኩ፣ ይቅርታ» አለች።

«ኧረ እትዬ ጸሐይወርቅ» አለች ያኤል፣ «ዛሬ የተሳካልዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ቤት ስትደርስ ዳዲ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ በር ላይ ቆሟል። ፊቱ ገርጥቷል።

«ሁለቴ!» አላት። «ሁለት ጊዜ ነው የቀየርኳቸው! ሁልጊዜ እንደዚህ ነው?»

«አይ፣ ዛሬ ቀለል ብሎልሃል።»

እውነቱን ለመናገር ዮጋው ጠቀማት። ጸሐይወርቅ ነገሩን ለማመን አልቸኮለችም፤ ግን በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን እንደ ድመት ማጉበጥ የሚባለውን ጠዋት ጠዋት አልጋው ሥር ትሠራው ጀመር። ወገቧ ላላ አለላት። አባባ ዱጉማም ከላይ ሆነው እያዩ በግማሽ አፋቸው ይስቁባታል።

በስምንተኛው ሳምንት ያኤል መጠይቅ ይዛ መጣች።

«ጭንቀትዎ ቀንሷል?»

«በጣም።»

«በየትኛው እንቅስቃሴ ይመስልዎታል?»

«ከቤት በመውጣቱ።»

ያኤል ወረቀቱን አገላብጣ ፈለገች። እንደዚያ የሚል ምርጫ አልነበረም። «አተነፋፈስ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና የምስክር ወረቀት ሰጠቻት።

ጸሐይወርቅ የምስክር ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለማንም አላሳየችም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሳምንቱን ያልቆጠረው ዳዲ መጣ፤ እሷም ምንጣፏን በብብቷ ይዛ ወጣች። የመጀመሪያ ቀን በሚኒባስ እስከ ለቡ ሄዳ ሳትወርድ ተመለሰች። ሐሙስ አቦ አካባቢ ካለ ሻይ ቤት ገብታ፣ ሁለት ሳምቡሳ አዝዛ፣ ሻይዋን ማንም ሳይጠራት ትኩስ እንደሆነ ጠጣች። ከዚያ ወዲያ ሻይ ቤቱ ለመዳት። ስትመለስ አባባ ዱጉማን እያገላበጠች የዋለችበትን በጆሯቸው ትነግራቸዋለች። እሳቸው ደህና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሚስጥር መሆኑን ያሳዩዋታል።

እንዲህ ሁለት ወር ሄደ። አንድ ሐሙስ ሞልቱ የእድር ሊቀመንበሩን መንገድ ላይ አገኘና «ዮጋው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጸሐይወርቅ ስትገባ ሳሎን ቆሞ ጠበቃት። ዳዲ ፎጣ በእጁ እንደያዘ ከአባቱ አልጋ አጠገብ ነው።

«ዮጋው ካለቀ ሁለት ወሩ ነው አሉኝ» አለ ሞልቱ።

ልትዋሽ ነበር። ከዚያ ደከማት።

«አዎ፣ አልቋል።»

«ታዲያ የት ነበርሽ?»

«ሻይ ቤት።»

«ሻይ ቤት! አባቴ እዚህ ተኝተው!»

«አባትህ እዚህ ከተኙ አራት ዓመት አለፋቸው» አለችው። «ገና ዛሬ አየሃቸው?»

ዳዲ ፎጣውን ወረወረ። «እኔን ሁለት ወር ሙሉ አሞኝተሽ…»

«ሞል… ቱ» የሚል ድምፅ ከአልጋው መጣ።

ሁሉም ዞሩ። አባባ ዱጉማ ድምፃቸው ከተሰማ ቆይቷል። ላብ እስኪያጠምቃቸው ታገሉ።

«ዝም… በል።»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ወደ ታናሹ ልጃቸው ተመለከቱ።

«ዳዲ… ጥሩ… ያጥባል።»

ዳዲ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአባቱ አፍ ምስጋና ሰምቶ አያውቅም። ሊጨምር ያዘጋጀውን ስድብ ዋጠና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ የጣለውን ፎጣ አንስቶ የአባቱን ግንባር ጠረገላቸው። ስለ ሻይ ቤቱ ዳግም አላነሳም፤ ማክሰኞና ሐሙስም አልቀረ።

ሞልቱ ለሁለት ቀን አኩርፎ ቆየ። ቅዳሜ ጠዋት ጸሐይወርቅ ነጠላዋን ስትለብስ አይቶ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ ከፊቷ ቆመ።

«ዛሬ እኔ እሆናለሁ» አለ፣ ትልቅ ውለታ እንደሚውል ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ። «መጀመሪያ በየትኛው ጎናቸው ነው የማገላብጣቸው? ንገሪኝ፣ ልጻፈው።»

«እሳቸውን ጠይቃቸው» አለችው ጸሐይወርቅ። «ቆም ብለህ ከሰማሃቸው ይናገራሉ።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወደ ታክሲው ወረደች።