ሰንደል የሸተተ ሻጋታ

ተመራማሪዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሻጋታ ጋር ስትሟገት ኖራለች። የሰንደል ዛፍ መዓዛማ ዘይቱን የሚሠራበትን ዘረመል ወስዳ ሻጋታው ውስጥ አስገብታለች፤ ዛፉ ሠላሳ ዓመት አድጎ ከሚቆረጥ፣ ሻጋታው በሳምንት ዘይቱን ቢሰጠኝ ብላ። እሱ ግን የምትሰጠውን ስኳር እምሽክ አድርጎ ይበላና ዝም። "በልቶ ካጅ" የሚል ስም አወጣችለት።

በዚያ ሳምንት ደግሞ ጉንፋን አፍንጫዋን ድፍን አድርጎት ነበር። ዘይቱን የሚመረምረው መሣሪያም ተበላሽቶ ጠጋኝ ይጠብቃል። ዓርብ ዕለት ሻጋታው ካደገባቸው አሥራ ሁለት ብልቃጦች፣ መዓዛው ካለ እንዲይዝላት የጨመረችውን ሽታ አልባ ዘይት ስትቀዳ ውላ ቤቷ ገባች።

አናጺው ባሏ ሳቂታ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ግንባሯን ሊስም ጎንበስ ሲል ፊቱ ተለዋወጠ። እራት ላይም ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ያዞራል እንጂ አይቀምስም።

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"ምንምማ አይደለም፤ ተናገር እንጂ!"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ፀጉርሽ እንጨት እንጨት ይላል። ያውም የኔ እንጨት አይደለም። ቁም ሳጥኑን ሌላ አናጺ ጋ አዘሽ ከሆነ ንገሪኝ። ሁለት ዓመት አስጠብቄሻለሁ፣ አውቃለሁ። ግን እኔ እያለሁልሽ…"

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ሳቁ አፏ ላይ ቀረ። "ምን እንጨት?"

"ሰንደል ነዋ! ሙያውን ስማር ትንሽ ሳጥን ሠርቼበታለሁ።"

ብድግ ስትል ወንበሩ ወደቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ኃላፊዋን አስፈቅዳ ባሏን ወደ ላብራቶሪው ወሰደችው። መስኮት አጠገብ አስቀምጣ፣ በአሥራ ሁለት ቁራጭ ወረቀቶች ላይ ከየብልቃጡ የተጣራ አንዳንድ ጠብታ ዘይት አደረገች። ከጀርባቸው የየብልቃጡን ቁጥር ጽፋ አደባለቀቻቸው። አናጺው ዓይኑን ጨፍኖ ማሽተት ጀመረ።

"ይሄ የረጠበ ጆንያ ነው። ይሄኛው የወንድምሽ ካልሲ።"

"ወንድሜን ተወው!"

ዘጠነኛውን ወረቀት ደጋግሞ አሸተተ። "ይኸው፣ ይሄ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

ገለበጠችው፤ ሰባት ቁጥር። አደባልቃ ደገመችለት፤ ሰባት። ሠለሰችው፤ አሁንም ሰባት። ሰባተኛውን ብልቃጥ ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ስኳሩን በአንዴ ከማፍሰስ ይልቅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነበር የሰጠችው። ለካ ሌሎቹን ጥጋብ አስንፏቸው ኖሯል!

ማክሰኞ መሣሪያው ተጠገነና የአፍንጫውን ፍርድ አጸና። በተቀዳው ዘይት ውስጥ የተገኘው ከእንባ ጠብታ ባይበልጥም ሰንደል ሰንደል ነው። ኃላፊዋ ውጤቱን ሁለቴ አንብቦ "እሰይ! እሰይ!" እያለ እጇን ወዘወዘው፤ ሻጋታውን በብዛት የምታሳድግበትን ትልቁን የማብላያ በርሜልም ፈቀደላት።

አናጺውንማ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው? ደንበኛ በመጣ ቁጥር መላጊያውን አስቀምጦ "እኛ ሻጋታውን ሰንደል እንዲሸት ያደረግነው ጊዜ…" እያለ ወሬውን ይጀምራል። እሷም አንዳንዴ በሱቁ በኩል ስታልፍ ትሰማዋለች። "እኛ" ሲል ደስ ይላታል፤ አታርመውም።