ክሩ የዋሸበት ግድግዳ

የባሌ አባት፣ አማቴ ዮስት፣ ግራኝ ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። በስዊስ ተራሮች መካከል ባለው በሰርንፍ ሸለቆ ውስጥ እንደሳቸው ጥቁሩን የሰሌዳ ድንጋይ የሚሰነጥቅ አልነበረም፤ ይህንንም ከሁላችን አብልጠው የሚያውቁት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

እኔ ሲቢላ የልጃቸው የካስፓር ሚስት ነኝ። በኛ መንደር ወንዶቹ ተራራው ሆድ ውስጥ ገብተው ሰሌዳውን ይፈለፍላሉ፣ እኛ ሴቶች በጀርባችን ተሸክመን እናወርዳለን። ከዚያ የተማሪ ሰሌዳና የቤት ክዳን ሆኖ አገር ላገር ይዞራል። እኛ ግን እዚያው ነን።

ሰሌዳ ድንጋይ እንደ እንጨት ክር አለው። በጣት ጫፍ ይዳሰሳል። በውስጡ ደርቀው የቀሩት የጥንት ዓሦች እንኳ ክሩን ተከትለው የተኙት ተስበው ረዝመዋል፣ ክሩን አቋርጠው የተኙት ደግሞ አጥረው ወፍረዋል። በኛ ዋሻ ክሩ ሽቅብ የሚያቀናው ወደ መውጫው ነው። መብራት የጠፋበት ሰው ግድግዳውን ዳስሶ መንገዱን ያገኛል። ልጆቻችን ጸሎት በቅጡ ሳይዙ ይህን ይይዛሉ።

አዲሱ ክፍለ ዘመን በገባ በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ ከዙሪክ አንድ መምህር መጥቶ ነበር። ሻንጣውን የተሸከምኩለት እኔ ነበርኩ፤ ድንጋይ ስለሚሰበስብ ሻንጣው ከሰሌዳው አይሻልም። ወንዙ ዳር ካለው ገደል ስር አቁሞ አንዲት መስመር አሳየኝ። ከላይ ቀይና አረንጓዴ ድንጋይ፣ ከታች የኛ ጥቁሩ፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ገደማ የሆነ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ እንደ ሊጥ የታሸ።

«የላይኛው ከታችኛው እጅግ ያረጀ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ሽማግሌው ምን ሊያደርግ ከልጅየው ላይ ወጣ?»

ሳቀ። «ከደቡብ ተገፍቶ መጥቶ ነው። ተራራው እንዳለ። ሲመጣ ከስሩ ያገኘውን አድቅቆ አሽቶታል። ይቺ መስመር የመምጣቱ ምልክት ናት» ብሎ ጣቴን ይዞ መስመሯ ላይ አስቀመጠው።

ማታ እራት ላይ ይህን ባወራ አማቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ተራራ ከተራራ አይገናኝም፣ ሰው ከሰው ግን ይገናኛል ሲባል ነው የኖርነው፤ እኔ ግን የተገናኙበትን በጣቴ ነክቼ መጥቻለሁ።

«ተራራው በእግሩ መጣ?» አሉ። «እንግዲያው ነገ ሣር እንዳታጭጂለት፤ ከላም ለይተሽ የምታውቂው አልመሰለኝም።»

ካስፓርም ሳቀ። እኔ ሳህኖቹን ሰብስቤ ተነሳሁ፤ ሲቆጨኝ ግን ሰነበተ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሸክሜን ላነሳ ዋሻው ውስጥ አማቴና ባሌ በየተራ የሚሠሩበት ክፍል ገባሁ። የዚያን ዕለት ተራው የአማቴ ነበር። ጎንበስ እንዳልኩ ነፋስ በደረቴ ገፋኝ። ድምፁ የመጣው ከነፋሱ በኋላ ነው፤ ጣራው ተንዶ ነበር። ተንከባለልኩ፣ ሌላ ነገር ላይ ወደቅኩ፣ እንደገና ተንከባለልኩ። ስነቃ አፌ በአቧራ ተሞልቷል፤ ኩራዙም ጠፍቷል።

«ማነው?» አሉ አማቴ ከጨለማው ውስጥ።

«ሲቢላ ነኝ።»

«ተጎድተሻል?»

«አልተጎዳሁም። እርስዎስ?»

«እግሬ ድንጋይ ስር ነው። ክብሪቱም ኪሴ ውስጥ ነው፤ ኪሴም ከእግሬ ጋር ነው» አሉ። እዚያ ላይ እንኳ ቀልዳቸው አልተዋቸውም።

ድንጋዩን ዳስሼ ባገኘሁት ድጅኖ ሞከርኩት፤ ፈቀቅ አላለም። በእጄ ዙሪያውን ስዳስስ ያለንበት ጉድጓድ ከከብት በረት የሰፋ አልነበረም። ጣራው ጎንበስ አድርጎ ያስኬዳል፤ ወለሉን ፍርስራሽ ሞልቶታል። የት በኩል እንደገባሁ ጠፋኝ። ፈራሁ። ያለን ውኃ ከጣራ የሚንጠባጠበው ነው። ስንቃችን አንድ ቁራሽ ዳቦና ዚገር የምንላት ጣት የምታህል አረንጓዴ አይብ ነበረች፤ ሽታዋ ጉድጓዱን ሞላው።

«አይዞሽ» አሉ። «ከራስጌዬ ግድግዳ አለ። ክሩን ፈልጊ።»

ዳሰስኩ። ክሩን አገኘሁት፤ እንዲያውም ረዘም ያለ ዓሣ አጥንቱ ከጣቴ ስር ተቆጠረ። ሽቅብ ያቀናው ወደ ቀኜ ነበር።

«በቃ በዚያ በኩል ማውጣት ጀምሪ» አሉ።

ጀመርኩ። ድንጋይ አነሳለሁ፣ ወደ ኋላዬ እጥላለሁ። ምን ያህል ሰዓት እንደሠራሁ አላውቅም፤ ሁለት ጊዜ ተኝቼ ነቅቻለሁ። ዳቦውን በሦስት ከፍለን ሁለቱን በልተናል። ከአንድ ቦታ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ ካስፓርና ጓደኞቹ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ድንጋዩ ድምፁን ከየአቅጣጫው ያመጣዋል። ከዚያ ፍርስራሹ አለቀና ድፍን ድንጋይ ገጠመኝ።

«ድፍን ነው አባባ።»

«ትልቅ ድንጋይ ወድቆ ነው። መሮና መዶሻዬን አጠገቤ ታገኛለሽ፤ ያዢና ምቺ።»

መታሁ። መሮው ይዘላል እንጂ አይገባም። ጥፍሬ ተነቀለ፤ መዳፌ ከመዶሻው ጋር በደም ተጣበቀ። «ይህ የወደቀ አይደለም፣ ተራራው ራሱ ነው» ስላቸው «ክር አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» አሉኝ።

እጄ ዝሎ ከግድግዳው እግር ስር ቁጭ አልኩ። ላርፍበት መዳፌን መሬት ሳስደግፍ አንድ ለስላሳ ነገር ነካሁ። እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ ውኃ ጠጥቶ ሊጥ የሆነ፣ ጣት የምታህል ውፍረት ያላት ነገር ናት። ተከተልኳት። ከግድግዳው ስር ከዳር እስከ ዳር ትሄዳለች። ከላይ ድንጋይ፣ ከታች ድንጋይ፣ በመካከል የታሸ ነገር።

ያን ጊዜ የወንዙ ዳር ትዝ አለኝ፤ ጣቴ ከኔ ቀድሞ አወቀው።

«አባባ፣ ይህ ግድግዳ ግድግዳ አይደለም። መጥቶ ነው።»

«ምን?»

«ከጣራ ተላቆ፣ ዞሮ፣ ተንሸራቶ እዚህ የቆመ ነው። ከስሩ ያለውን ፈጭቶታል። ክሩ የሌላ ቦታ ክር ነው።»

«አሁንም የዙሪኩን ሰውዬ ተረት ይዘሽ ትመጫለሽ?» ብለው ጮኹ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ይህን ድንጋይ ዳስሻለሁ።»

ፍርስራሹን በእጄ እየጠረግሁ ወለሉ ድረስ ወረድኩ። ወለል የትም አይሄድም። በእርጥቡ ጥቁር ድንጋይ ላይ ጣቴን ሳስኬድ ክሩን አገኘሁት፤ ሽቅብ የሚያቀናው ወደ ግራ፣ ከአማቴ ጀርባ በስተኋላ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ወደ ተራራው ሆድ ነበር የቆፈርኩት።

ነገርኳቸው። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ አልጮኹም።

«በዚያ በኩል አትምቺ» አሉ፤ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ።

«ለምን?»

እጃቸው ፍርስራሹን ሲቧጥጥ ሰማሁ።

«አባባ፣ እዚህ ልንሞት ነው። ለምን?»

«ምሰሶው አለ። ልጬ አቅጥኜዋለሁ።»

በኛ ዘንድ ጣራውን የሚሸከሙት ከድንጋዩ ሳይነኩ የሚተዉ ምሰሶዎች ናቸው። ምሰሶ ያሳሳ ሰው የመዶሻው እጀታ በመንደሩ ሰው ፊት ይቆረጣል፤ ቆራጩ የቅርብ ዘመዱ ነው። ዳግመኛም ተራራው ውስጥ እግሩን አያስገባም። በየቀብሩ ላይ ተነስተው «ምሰሶ የነካ ወንድሙን ነካ» እያሉ የሚያስጠነቅቁት ደግሞ እኚሁ አማቴ ነበሩ።

«ሰሌዳው እንደ መስተዋት የጠራ ነበር» አሉ። «እንዲያ ያለ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። ከፀደይ ጀምሮ በየጥቂቱ ላጥኩት።»

«ግድግዳው እንደዞረ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። አልጠረጠርኩም ግን አልልሽም። በቀኝ ከወጣን ምሰሶውን ማንም አያየውም ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት እንደዚያ ነው።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ሁለቱም በአንድ ቀን አለቁ። በጣም ተናደድኩ። በሕይወቴ ሰውን ጠልቼ የማውቀው ያን ጊዜ ነው፤ መዶሻው በእጄ እንዳለ ትዝ ሲለኝ አስቀመጥኩት። አለቀስኩ። ስጨርስ የቀረችውን ዳቦ ገምሼ ግማሿን እጃቸው ላይ አኖርኩ፤ ምን ላድርግ።

«ምሰሶው ይይዛል?» አልኳቸው።

«በመሮው እጀታ ቀስ ብለሽ ንኪውና አሰሚኝ።»

ነካሁት።

«ድምፁ ደረቅ ነው፣ ምሰሶው ገና ይዟል። ከግርጌው ያለውን አትንኪ። ከላይ በኩል ያለውን አንድ በአንድ አውጪ፤ በየሦስተኛው ድንጋይ ንኪና አሰሚኝ።»

እንዲያ ሠራን። እኔ አነሳለሁ፣ እነካለሁ፤ እሳቸው ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ «ቁሚ» አሉ፤ ቆምኩ። አንድ ነገር ከላያችን እንደ ሰው አቃሰተ። እስኪበቃው ጠበቅን። «ቀጥዪ፣ ልጄ» አሉ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

የመዶሻው ድምፅ አሁን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይመጣል። ከዚያ የኩራዝ ብርሃን በስንጥቁ ገባ፣ የካስፓር እጅ ተከተለ። ባሌና ጓደኞቹ አምስት ሆነው ነበር የመጡት። መጀመሪያ እኔን ጎትተው አወጡ፣ ከዚያ በጎን በኩል ሾልከው በሁለት ድጅኖ የአማቴን ድንጋይ አነሱ። እግራቸው ከጉልበት በታች እግር አልነበረም።

አማቴን በቃሬዛ ሲያወጡ ኩራዙ ምሰሶው ላይ አረፈ። ወገቡ የልጃገረድ ወገብ አክሏል። አምስቱም ወንዶች ቆሙ።

«ይህን ክፍል የምትሠሩት አንተና አባትህ ናችሁ» አለ አንዱ።

ካስፓር አባቱን አየ፣ እግራቸውን አየ፣ ከዚያ ምሰሶውን አየ። «እኔ ነኝ» አለ።

ባሌ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ሥራ በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም። አማቴን አየኋቸው። አንድ ቃል ብናገር እውነቱ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ግን ቃሉ የኔ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጠበቅኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ዝም ቢሉ የሚጠይቃቸው አልነበረም።

«ኩራዙን ወደ ድንጋዩ አስጠጋው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የመሮውን ጭረት እዩት። ከግራ ነው የሚወርደው። ልጄ የሚመታው በቀኙ ነው።»

«አባባ፣ ዝም ይበሉ» አለ ካስፓር።

«አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብያለሁ፤ ዝምታዬ ሚስትህን ሊገድልብህ ነበር። እዩት አልኩ።»

አዩት።

በአራተኛው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ መዶሻቸውን አመጣንላቸው። አማቴ አንድ እግራቸው ተቆርጦ ደጃፉ ላይ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ተቀምጠው ነበር። ካስፓር መጋዙን ይዞ ቆመ፤ እጀታው እየተንቀሳቀሰ የመጋዙ ጥርስ እንጨቱን አልይዝ አለው፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። ከሰው ሁሉ ሊረዳው የመጣ አልነበረም፣ እኔም አልቻልኩም። አማቴ ጎንበስ ብለው የእጀታውን ጫፍ በግራ እጃቸው ጠበቅ አድርገው ያዙለት፤ እስኪያልቅም አለቀቁትም።