ለአበባው የተነገረ ቃል

ኮራ ለፊልም ቃል ትጽፍ በነበረበት ዘመን ፊልም ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረውም። ተዋናዮቹ ካሜራ ፊት አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ምን እንደሚሉ ማን ግድ አለው! ታሪኩን የምትፈጥረውም፣ በየመሃሉ እየገባ የሚነበበውን ጽሑፍ የምትጽፈውም እሷ ናት። ከሎስ አንጀለስ ሰው ሁሉ በዚህ የማትታለለው ታላቅ እህቷ ሚልድሬድ ብቻ ነበረች። ሚልድሬድ በልጅነቷ ትኩሳት ጆሮዋን ስለወሰደባት የሰው ከንፈር ታነባለች።

በአንድ ፊልም ላይ አንዲት እናት ልጇን ስትቀብር ኮራ «ምድር ሆይ፣ አደራሽን አሙቂልኝ» ብላ ጻፈች። አዳራሹ ሙሉ ያነባል፤ ሚልድሬድ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች።

«ደግሞ ምን አለች?» ትላታለች ኮራ በእጇ ምልክት።

«ጫማዬ ጠበበኝ፣ ቶሎ በሉ» ትመልሳለች ሚልድሬድ፣ እሷም በእጇ። «አንቺዬ፣ ወርቅ መጻፉን ትጽፊያለሽ፤ የሚሰማሽ ግን የለም።»

ኮራ አብራት ትስቅና ውስጥ ውስጡን ታርራለች። ያን ሁሉ ዘመን ስትጽፍ አንዲት ቃሏ እንኳ ከሰው አፍ ወጥታ አታውቅማ!

ድምፅ ያለው ፊልም መጣ ሲባል የሙያ ጓደኞቿ እንጀራችን ተዘጋ ብለው ሐዘን ተቀመጡ። እሷ ግን እሰይ አለች። ከእንግዲህ ተዋናይ እንዳሻው አይቀባጥርም፤ የተጻፈለትን ይላል፣ ሚልድሬድም ታነበዋለች።

አለቃዋ ሚስተር ስላተሪ አስጠራት። «ኮራዬ፣ ከኒው ዮርክ የቲያትር ጸሐፊዎች አስመጥቻለሁ። ላንቺ የቀረሽ አንድ ፊልም ነው።»

«አንድ ይበቃኛል።»

«በቃ? እኔ እኮ ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ አዘጋጅቼ ነበር።»

«ለራስዎ ያስቀምጡት፣ ፊልሙን ሲያዩ ይፈልጉታል።»

የሁለት እህትማማቾች ታሪክ ጻፈች። መጨረሻ ላይ ሲለያዩ ታናሽዬዋ «የሰው ልብስ እየሰፋሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የጻፍኩትን ሁሉ የጻፍኩት ላንቺ ነው» ትላታለች። ኮራ ይህን ለእህቷ ነግራት አታውቅም። እነሱ ቤት ፍቅር የሚነገረው በሽሙጥ ነው፤ ቁም ነገር ሲመጣ እጃቸው ይተሳሰራል። ሌላ ሰው ይበልልኝ ብላ ነው የጻፈችው። ቀረጻው በር ተዘግቶ ስለሆነ ጸሐፊ አይገባም፤ አላየችውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚልድሬድን ይዛ ሲኒማ ገባች። የመለያየቱ ቦታ ሲደርስ የሚልድሬድን ክንድ ነካ አደረገች።

ታናሽዬዋን ሆና የምትሠራው ተዋናይ ግን ወደ እህቷ በመዞር ፈንታ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ዞረች። ማይክሮፎኑን እዚያ ውስጥ ደብቀውት ኖሯል፤ ድምፅዋ የሚቀረጸው ወደዚያ ስትናገር ብቻ ነው። ለተመልካች ጀርባዋን ሰጥታ ተናገረች። ኮራ ሰማች፤ አንዲት ቃል አልጎደለም። ሰዉ ተንሰቀሰቀ።

ሚልድሬድ አንገቷን አስግጋ ብታይ የሚታየው ማጅራት ነው። «ለአበባው ነው እንዴ የምታወራው? ምን አለች?»

ኮራ ልትነግራት እጆቿን አነሳች።

«ሴትዮ፣ እጅሽን አውርጂ፣ ከለልሽን እኮ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ እንባ በተናነቀው ድምፅ።

አወረደችው።

ውጭ ፀሐይ ነበር። የሚከለክል ሰው የለም። ሚልድሬድ ክንዷን ይዛ አቆመቻት። «አሁን ንገሪኝ። ሰው ሁሉ የተላቀሰው ምን ብላት ነው?»

ኮራ እጆቿን ደረቷ ድረስ አነሳች። አንቺ ነሽ ልትል ጣቷን ወደ እህቷ ቀሰረች፤ ከዚያ ወዲያ እጇ አልታዘዝ አላት።

«ደህና ሁኚ አለቻት» አለች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ሚልድሬድ ራሷን ነቀነቀች፤ ባቡር ወደሚቆምበትም ሄዱ።