ዘርሁን ጎሚስታ የሚወርድ

አረጋሽ የወንድሟን ፌርማታ የሰረዘችው በገዛ እጇ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሰኞ ከምሳ በኋላ። ማንም እጇን ይዞ አላጻፋትም። ኋላ ላይ ሥራ ነው፣ ትእዛዝ ነው፣ ቅጹ እንዲያ ስለሚል ነው እያለች ለራሷ ብዙ ምክንያት ደርድራለች። ቅጹ ግን እጅ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከታ መናገሻ የሚወስደው መንገድ እንዲሰፋ ስንት ዓመት ሲለመን የኖረው በጀት ዘንድሮ ተፈቀደ። በጀት ደግሞ ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ መመሪያ አስከትሎ ነው የሚመጣው። ከማክሰኞ ጀምሮ መንገድ ዳር መኪና ማቆም ክልክል ሆነ። ታክሲም ቢሆን ሰው የሚያወርደው ቁጥር በተሰጣቸው አዳዲስ ፌርማታዎች ላይ ብቻ ነው ተባለ። ከድሮዎቹ የትኞቹ ቁጥር ይሰጣቸው፣ የትኞቹ ይነሡ የሚለውን እንድታጣራ ቅጽ ተሰጥቷት በእግሯ የተላከችው አረጋሽ ነበረች። ቡራዩ ውስጥ በዚሁ የትራንስፖርት ሥራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች፤ ቅጽ አበላሽታም አታውቅም።

ፌርማታን የሚሰይመው መቼም መሥሪያ ቤት አይደለም። ተሳፋሪው ነው። አንዱ «ወፍጮው ጋ አውርደኝ» ይላል፤ ረዳቱ ይሰማል፤ በማግስቱ «ወፍጮ የሚወርድ!» ብሎ ይጣራል፤ በቃ፣ ወፍጮ ሆነ። ወፍጮው ፈርሶ ፎቅ ቢሠራበት፣ ፎቁም ቢሸጥ ስሙ ንቅንቅ አይልም። ሀሰኖ ወፍጮ ከፈረሰ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ወርቁ ሻይ ቤት የነበረው ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። አጵሎስ ብሎኬት ከነባለቤቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግቢው ውስጥ የቀረው ሣር የበቀለበት አሸዋ ብቻ ነው። ታክሲዎቹ ግን ቀኑን ሙሉ ሀሰኖ፣ ወርቁ፣ አጵሎስ እያሉ ይጮኻሉ። አራተኛው ዘርሁን ጎሚስታ ነበር።

ዘርሁን የአረጋሽ ታላቅ ወንድም ነው። ጎማ ጠጋኝ ነበር። ከእናታቸው ቤት ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ በቆርቆሮ ከልሎ ይሠራ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት መርካቶ የጎማ ከመነዳሪ ሊገዛ ሄዶ ሲመለስ፣ ከታ ላይ ታክሲ ይዞ፣ የኋላው ወንበር መስኮት ሥር እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለ። ተሳፋሪው የተኛ መስሎት አልቀሰቀሰውም፤ የደከመ ሰው ነው ብለው አዘኑለት። በስሙ የሚጠራውን ፌርማታ አልፎ መናገሻ ድረስ ተወሰደ። እዚያ ረዳቱ «ወንድም፣ መጨረሻ ነው» ብሎ ትከሻውን ሲነካው ነው ነገሩ የታወቀው። የገዛው የጎማ ከመነዳሪ እንደተጠቀለለ ጭኑ ላይ ነበር።

ቅጹ የሚጠይቀው «ስሙ የተወሰደበት ነገር በቦታው አለ ወይ?» ብሎ ነው። ከሌለ እክስ ይደረግበታል፤ እክስ የተደረገበት ይነሣል። አረጋሽ ሦስቱን ጨርሳ አራተኛው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። አለቃዋ አቶ ፍቅረሥላሴ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ጎሚስታው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

የወንድሜ ነው ማለት ትችል ነበር። አቶ ፍቅረሥላሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ምናልባት አንድ ቁጥር ባልነፈጓት ነበር። ነገር ግን አረጋሽ በዚህ ዓለም ላይ ከምንም በላይ የምትፈራው «ለዘመዷ አደላች» መባልን ነበር። እክስ አደረገች።

ማክሰኞ ጠዋት ሞንታርቦ የጫነች መኪና በአማርኛና በኦሮምኛ እየለፈፈች ከተማውን ዞረች። ስለ መኪና ማቆሚያው፣ ስለሚሰፋው መንገድ፣ ስለ ፌርማታዎቹ ቁጥር። አራቱን ስሞች ያነሣ የለም። የተነሣ ነገር አይነበብም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ኦቦ ጌዲ ቢሮ መጡ። የመስመሩ ተራ አስከባሪዎች ኃላፊ ናቸው፤ ሹፌሩም ረዳቱም የሚፈራቸው፣ ድምፃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሽማግሌ። የዚያን ቀን ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«አካም ቡልቴ፣ አረጋሽ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኦቦ ጌዲ። ይቀመጡ እንጂ።»

ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ይቺን ነገር ለማን እንደምነግር ጨንቆኝ ነው። አመሻሽ ላይ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ፣ ታክሲ ውስጥ ‹ወራጅ አለ› ይባላል። ሹፌሩ እዚህ ተነሥቷል ብሎ ያልፋል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ላይ ሲቆም ማንም አይወርድም።»

«ቀልደኛ ይሆናል።»

«እኛም እንደዚያ ነው ያልነው። ግን መኪናው በየቀኑ ሌላ ነው፤ ሹፌሩም ሌላ ነው። ሰዓቱ ብቻ ነው አንድ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኋላው ወንበርስ? ማክሰኞ መስኮቱ ሥር ያለው ብቻ ነበር፤ ትናንት አራቱም። ሰው ዝናብ እየመታው ውጭ ይቆማል እንጂ እዚያ ሄዶ አይቀመጥም። ለምን ስትዪው ‹ሰው ያለበት መስሎኝ› ይልሻል። ረዳቶቹ ራሳቸው ‹ሞልቷል› ብለው በሩን ይዘጉና፣ በኋላ ዞር ሲሉ አራት ቦታ ባዶ ነው። ደግሞ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል።»

አቶ ፍቅረሥላሴ ከጠረጴዛቸው ሆነው ሳቁ። «ኦቦ ጌዲ፣ ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

አረጋሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማስቲሽ የጎማ መጣበቂያ ነው፤ የወንድሟን ልብስ ስታጥብ ያደገችበት ሽታ። «ወራጅ የሚባለው የት ላይ ነው?» አለች።

ሽማግሌው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ መልስ የሰጡት ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነው። «አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ልጄ።»

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ እናቷ ቤት የሄደችው በባጃጅ ነው። ታክሲ ለመያዝ ድፍረት አላገኘችም።

እናቷ ወይዘሮ ተረፈች በርጩማ አውጥተው የግቢው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ አስፋልቱ ነው። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ተሸፋፍነዋል። ያለወትሯቸው ልጃቸውን ሲያዩ አልተነሡም።

«ምነው እማዬ፣ በዚህ ብርድ?»

«ከማክሰኞ ወዲህ አልመጣም» አሉ።

«ማን?»

«ወንድምሽ ነዋ።»

እናቷ የጎረቤት ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው ቀጠሉ። «በየማታው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ታክሲው ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ይሄ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ጀሪካኑን አዘንብሎ እጁን ሲታጠብ እሰማለሁ። መጣህ እለዋለሁ፤ ገብቼ እተኛለሁ። አላየሁትም አልልሽም፣ አየሁትም አልልሽም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄ ቤቱ ሳይገባ ያደረበት ቀን የለም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ጠበል ትወስጂኝ ነበራ።»

እውነታቸውን ነው፤ ትወስዳቸው ነበር። አረጋሽ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ከታ በኩል አንድ ታክሲ መብራቱን አብርቶ መጣ። ሲቃረብ አልቀዘቀዘም፤ ፊታቸው ሽው ብሎ አለፈ። በተከፈተው መስኮት በኩል አንድ የወንድ ድምፅ ሰማች፤ ዝቅ ያለ፣ ሰው ማስቸገር የሚያፍር ሰው ድምፅ። «ወራጅ አለ።» መኪናው ኩርባውን እስኪዞር ድረስ ድምፁ ሁለቴ ተደገመ።

«ሰማሽ?» አሉ እናቷ። እንባቸው ነጠላቸው ላይ ወረደ። «አይቆሙለትም። እንደዚያን ቀን ይዘውት ይሄዳሉ። ማን ነው እንዲህ የፈረደብን?»

አረጋሽ እኔ ነኝ ለማለት አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። በሕይወቷ እንዲያ አፍራ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት አቶ ፍቅረሥላሴን ቅጹን እንዲመልሱላት ለመነች። ወደ በላይ ተልኳል አሉ፤ የሄደ ወረቀት ደግሞ በስድስት ወርም አይመለስም። አመሻሽ ላይ ከታ ሄዳ ታክሲ ያዘች።

ረዳቱ ወንዲ ይባላል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሳፈርበት የምታውቀው ጎረምሳ ነው። «አምስት ቁጥር! ሰባት ቁጥር!» እያለ ይጣራል፤ ተሳፋሪው «ሰባት ቁጥር ደግሞ የት ነው?» እያለ ይጠይቀዋል፤ ወንዲም በሹክሹክታ የድሮውን ስም ይነግረዋል። የኋላው ረድፍ ባዶ ነበር። አረጋሽ ከእሱ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ተቀመጠች። ወንዲ ውስጡን ቃኘ፤ ዐይኑ የኋላው ረድፍ ላይ ሲደርስ ቶሎ ተመለሰ።

«ሞልቷል፣ ሳበው!»

ከተማው አልፎ ባሕር ዛፉ ሲጀምር ሽታው ማጅራቷ ላይ መጣ። ማስቲሽ፣ አዲስ ጎማ፣ ላብ። አልዞረችም። ብትዞርና ባታገኘው ልቧ ይሰበራል፤ ብትዞርና ብታገኘው ደግሞ የባሰ ነው። እጇን እጇ ላይ አጣምራ ወደፊት ታያለች። ሁሉም ተሳፋሪ ወደፊት ያያል።

«ወራጅ አለ» አለ ዘርሁን።

የሹፌሩ ማጅራት ተገትሮ ቀረ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገና ነዳጁን ረገጠ።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች አረጋሽ። «ዘርሁን ጎሚስታ!»

ወንዲ ደነገጠ። «እህቴ፣ እሱ ተነሥቷል እኮ። አምስት ቁጥር ላይ ትወርጃለሽ። ትራፊክ ይይዘናል።»

«የሰረዝኩት እኔ ነኝ! ወንድሜ ነው፣ አቁም!»

መኪናው ተንሸራቶ ቆመ። ወንዲ በሩን ሳበው። አረጋሽ ገና ሳትነሣ ተጣጣፊው ወንበር ላይ የነበረችው ሴትዮ ብድግ አለችና ወንበሯን አጠፈች። አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። አንዷ ዘንቢሏን ደረቷ ላይ አቀፈች። አሳልፉ ያላቸው የለም፤ እርስ በርስም አልተያዩም። በተከፈተው ክፍተት የታየ ነገር አላለፈም። መኪናው ግን ከባድ ሰው ሲወርድለት እንደሚያደርገው በበሩ በኩል ዝቅ ብሎ ከፍ አለ።

ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ቆርቆሮው ተንኳኳ። የእናቷ ድምፅ ተሰማ። «መጣህ?»

አረጋሽ ተነሥታ እግሯን ከመኪናው አወጣች። ሮጣ ብትከተለው፣ የግቢው በር ከመዘጋቱ በፊት ጀርባውን እንኳ ታየው ይሆናል። ሦስት ዓመት የናፈቃት ያ ጎንበስ ያለ ጀርባ ነው። ጀሪካኑ ሲዘነበል፣ ውሃው ድንጋዩ ላይ ሲፈስ ሰማች።

«ልጄ።»

የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ፣ ከባዶው ረድፍ። ትሕትና የሞላበት፣ ብዙ ጊዜ ለምኖ የደከመው ድምፅ።

«ወርቁ ሻይ ቤትንም ንገሪልኝ። እኔ ስናገር አይሰሙኝም።»

«እኔ ሀሰኖ ወፍጮ ነኝ» አለ ሌላ።

ሦስተኛው ወጣት ነበር። «አጵሎስ ብሎኬት» አለ፤ ከዚያም ፈራ ተባ እያለ፣ «እናቴ ትጠብቀኛለች» አለ።

አራት ቀይ እክስ ነው ያደረገችው። ለካ በየአንዳንዱ ፌርማታ በርጩማ አውጥታ አስፋልት አስፋልቱን የምታይ አንዲት ተረፈች አለች። አረጋሽ እስካሁን የራሷን ብቻ ነበር ያለቀሰችው።

ከማዶ ውሃው መፍሰሱን አቆመ። የግቢው በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። አረጋሽ በሩን እያየች እግሯን ወደ ውስጥ መለሰች፤ ተጣጣፊውን ወንበር ዘርግታ ረዳት እንደሚቀመጠው በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ዝጋው» አለችው ወንዲን። «ቀጥሎ ወርቁ ሻይ ቤት ይቆማል። ከዚያ ሀሰኖ ወፍጮ። ከዚያ አጵሎስ ብሎኬት። ትራፊክ ከጠየቀ እኔን አሳየው።»

ወንዲ ወደ ኋላ ላለማየት አንገቱን ገትሮ በሩን ዘጋ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

«አንቺስ እህቴ?» አላት። «የት ነው የምትወርጂው?»

አረጋሽ ወደ መናገሻ የሚወስደውን ጨለማ አየች። ወንድሟን ያን ቀን ብቻውን ይዘውት የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

«መጨረሻ» አለችው።